ስለ የሐ ጥንታዊ ቤተ ጣዖት፤ ኋላም ቤተ እግዚአብሔር ስለ መኾኑ
(በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ቍጥር 16 ላይ የተሰጠ የታሪክ ሐተታ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በላከው በ2ኛው መልእክት የእግዚአብሔር ማደሪያና ጣዖት አንድነት እንደሌላቸው ያስተምራል። ወዲያውም ምእመናን ራሳቸው የሕያው አምላክ ማደሪያ እንደ ኾኑ ይናገራል። ይህን ቃል በሚገባ የሚመረምር ሰው ጥያቄ ይነሣበታል። ለጣዖት የታነጸ ቤት ኋላ ለእግዚአብሔር ሊኾን ይቻላልን? አይቻልም ቢሉ፥ ቀደምት አበው በየሐ ያደረጉት ምን ሊባል ነው? ይቻላል ቢሉ፥ ሐዋርያው አንድነት የለም ማለቱ ስለ ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት አስቀድሞ ታሪኩን ማወቅ፥ ቀጥሎም ወደ ምሥጢሩ መግባት ይገባል። በዚህ ሐተታ የተጻፈው የዓመት ቍጥር ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ታሪክ። የሐ በትግራይ ምድር፥ ከዓድዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከዓድዋ ወደ ዓዲግራት ከሚያልፈው መንገድ ገባ ብላ የምትገኝ መንደር ናት። ዙሪያዋን ተራሮች ከበዋታል፤ በመካከሉም የእርሻ መሬት ነው። ልትታይ የሚገባት ስለ ኾነች ከሩቅም ከቅርብም ሰው ይመጣባታል። የሚመጣውም ሰው ኹለት ነገር ያያል። አንደኛው ክዳን የሌለው፥ ውስጡ ባዶ የኾነ ታላቅ የድንጋይ ግንብ ነው። ኹለተኛው በአጠገቡ ያለው የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግንቡ ዝም ብሎ ይኖራል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግን ኪዳን ይደረሳል፥ ቅዳሴ ይቀደሳል።

የግንቡ ርዝመት 18 ሜትር ተኩል ያኽል፥ ወርዱ 15 ሜትር ያኽል ነው፤ ቁመቱም ከ12 ሜትር ይበልጣል። ድንጋዮቹ ለስልሰው ተጠርበው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረዋል። ከነዚህም ውስጥ እስከ 3 ሜትር የሚረዝሙ አሉ። ጠራቢው ድንጋዩን ከድንጋዩ ጋር ያጋጠመበት ጥንቃቄ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ግንቡ ይህን ያኽል ዘመን መቆሙም ስለዚህ ነው። ደጃፉ በምዕራብ በኩል ስለ ኾነ የሚገባ ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይገባል። በውስጡ ጥንት በ4 ረድፍ፥ በያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ሦስት ኾነው፥ 12 ዐምዶች ቆመው ነበር። በምሥራቁ ጫፍ ደግሞ ጣዖቱ የሚመለክባቸው ክፍሎች ነበሩ። ዛሬ ዐምዶቹ የሉም፤ ጣሪያውም የለም። የቀረው ግድግዳውና ሰማዩ ነው።

ይህ ቤት የታነጸው ከጌታችን ልደት 700 ዓመት ያኽል ቀደም ብሎ ነው። ሊቃውንት ዘመኑን የሚያውቁት ሥራውን በየመን ካሉት ከሳባ ሕንጻዎች ጋር አስተያይተው ነው። በኢትዮጵያ ምድር እስከ ዛሬ ከቆሙት ሕንጻዎች የዚህን ያኽል ጥንታዊ የኾነ አይታወቅም። ከርሱ ራቅ ብሎ ደግሞ ግራት በዓል ገብሪ የሚባል ሌላ ፍራሽ አለ፤ እርሱም ታላላቅ ባለ አራት ማዕዘን ዐምዶች ያሉት፥ ግድግዳው በእንጨትና በድንጋይ የተሠራ የሹማምንት ቤት ነበረ። ከዓለት የተፈለፈሉ ጥልቅ መቃብሮችም ተገኝተዋል። ይህ ኹሉ የሐ ተራ መንደር ሳትኾን የመንግሥት ከተማ እንደ ነበረች ያስረዳል።

ቤቱ የማን ነበረ ቢሉ፥ አልመቃህ የሚባል የሳባ ጣዖት ነበረ። ብዙዎች ሊቃውንት አልመቃህን የጨረቃ አምላክ ይሉታል፤ ሌሎች ከፀሐይ ጋር ያገናኙታል። በየመን በማሪብ ለርሱ የተሠራው ታላቅ ቤት ፍራሹ እስከ ዛሬ አለ፤ ያገሩም ሰው የንግሥት ብልቂስ ቅጥር ይለዋል። የዋልያ ምስል የአልመቃህ ምልክት ነበረ፤ በየሐም በተርታ የተቀረጹ የዋልያ ምስሎች ያሉባቸው ድንጋዮች ተገኝተዋል። የቤቱ ባለቤት አልመቃህ መኾኑ በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። በ2007 ዓመት በውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ በሚባል ቦታ በሳባ ፊደል የተጻፈበት መሠዊያ ተገኘ። በጽሕፈቱም ዋዕራን የሚባል ንጉሥ መሠዊያውን ለአልመቃህ እንዳደሰ፥ እርሱም በየሐ ባለው በአልመቃህ ቤት ላይ ጌታ ኾኖ እንደ ተሾመ ተነግሯል። ስለዚህ የሐ የሚለው ስም ራሱ ከብዙ ሺሕ ዓመት ጀምሮ ሳይለወጥ የቈየ ስም ነው።

ሐተታ። እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ጥያቄ ይነሣል። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን መሄዷ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 10 ተጽፏል። ክብረ ነገሥትም ሕዝቧ ቀድሞ ፀሐይን ያመልክ እንደ ነበረ፥ እርሷ ግን የእስራኤልን አምላክ እንዳወቀች ይናገራል። ሰሎሞን የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የየሐ ቤት ግን ከርሱ 250 ዓመት ያኽል ዘግይቶ ታነጸ። እንግዲህ እግዚአብሔር ከታወቀ በኋላ ለጣዖት ቤት መታነጹ እንደ ምን ነው ቢሉ፥ መልሱን ከመጽሐፍ ያገኙታል።

ሰሎሞን ራሱ በእርጅናው ዘመን ለባዕዳን አማልክት የኮረብታ መስገጃ እንደ ሠራ በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 11 ተነግሯል። ከርሱ በኋላ የይሁዳ ንጉሥ ምናሴ 55 ዓመት ነገሠ፤ እርሱም የተቀረጸውን ምስል አምጥቶ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ አቆመ። ይህም በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 21 ይገኛል። ምናሴ የነገሠው በ7ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። እንግዲህ በየሐ ለአልመቃህ መሥዋዕት በሚሠዋበት በዚያው ዘመን፥ በኢየሩሳሌም በራሱ በቤተ መቅደስ ጣዖት ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜ እግዚአብሔርን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ያወቁትን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሕገ እግዚአብሔር የተሰጣቸው፥ ነቢያት የተላኩላቸው እስራኤል እንዲህ ካደረጉ፥ ከእነርሱ የራቀ ሕዝብ ወደ ቀድሞ ልማዱ ቢመለስ ምን ያስደንቃል? የየሐን ግንብ አይቶ በቀደሙት ሰዎች ላይ የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ ምናሴን ያስብ።

ታሪክ። ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በአክሱም በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ነገሠ። በቀድሞው ጽሕፈቱ መሕረምንና ዓስተርን ሲጠራ ይገኛል፤ በኋለኛው ግን እነርሱን ትቶ የሰማይን ጌታ ይጠራል። በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ትምህርት ክርስትና በመንግሥቱ ገባ፤ አባ ሰላማንም ጳጳስ አድርጎ የሾመው የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ከዚያም በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ ተሰዓቱ ቅዱሳን መጡ። አረጋዊ ወደ ዳሞ፥ ገሪማ በዓድዋ አጠገብ ወዳለው ገዳሙ፥ ጰንጠሌዎን ወደ አክሱም ጫፍ፥ አፍጼም ወደ የሐ ሄዱ። እንደ አበው ትውፊት አባ አፍጼ በየሐ ገዳም ተከለ፤ የአልመቃህም ቤት ቤተ ክርስቲያን ኾነ። የጥንት ነገር መርማሪዎችም ቤቱ ምናልባት ከ6ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለክርስቲያኖች ጸሎት እንደ ኾነ፥ ሳይፈርስ የቈየበትም አንዱ ምክንያት ይህ እንደ ኾነ ይናገራሉ። ሰው የማይጠብቀውን ቤት ዝናብና ዛፍ ያፈርሰዋል፤ ድንጋዩንም ጎረቤት ይወስደዋል። ይህን ቤት ግን የካህናት እግር አልተለየውምና ቆመ።

ከሩቅ አገር መጥተው ካዩት ሰዎች አንዱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ ነው። እርሱ በ1520 ዓመት መጥቶ ግንቡንና ገዳሙን አይቶ ጻፈ፤ ቦታውንም በቅዱሱ ስም ጠራው። በ1906 ዓመት በኤኖ ሊትማን መሪነት የመጡት የጀርመን ሊቃውንት ፍራሹን ለክተው ሥዕሉን ነደፉ። ከ2009 ዓመት ጀምሮ ደግሞ የጀርመን የጥንት ነገር ምርምር ተቋም ከኢትዮጵያ የቅርስ መሥሪያ ቤት ጋር ኾኖ ቆፈረ፤ ግንቡም እንዳይወድቅ አጸናው። ዛሬ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን በ1948 እና በ1949 ዓመት የታነጸ ነው። በግንቡም ላይ ከጥንቱ ቤት የቀሩት ዋልያ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ገብተዋል።

ሐተታ። እነዚህን የዋልያ ድንጋዮች የሚያይ ሰው ይደነግጥ ይኾናል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 12 እስራኤል የአሕዛብን መሠዊያ እንዲያፈርሱ፥ ሐውልታቸውን እንዲሰብሩ፥ ምስላቸውንም እንዲቈርጡ ታዘዋልና፤ የአልመቃህ ምልክት በቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ መገኘቱ ትእዛዝን ማፍረስ አይደለምን ቢሉ፥ አይደለም። ስለ ምን ቢሉ፥ ትእዛዙን የሰጠ እግዚአብሔር ፍጻሜውንም አሳይቷልና።

በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 6 ጌዴዎን የበዓልን መሠዊያ እንዲያፈርስ፥ በአጠገቡም ያለውን የማምለኪያ እንጨት እንዲቈርጥ ታዘዘ። የተቈረጠውን እንጨት ግን ጣለው አልተባለም፤ በርሱ አንድደህ ለእግዚአብሔር መሥዋዕት አቅርብ ተባለ እንጂ። አምልኮው ፈረሰ፥ እንጨቱ ግን ለእግዚአብሔር አገለገለ። እንጨት እንጨት ነው፤ ፍጥረቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ያረከሰው የሰው ልብ ነው።

አንድም፤ በመጽሐፈ ኢያሱ በምዕራፍ 6 ኢያሪኮ እርም ስትኾን ብሩና ወርቁ፥ የናሱና የብረቱ ዕቃ ወደ እግዚአብሔር ግምጃ ቤት እንዲገባ ታዘዘ። የአሕዛብ ዕቃ ሲኾን ለመቅደስ ተቀደሰ። አካን ግን ከዚያው ዕቃ ለራሱ ወስዶ በድንኳኑ ሸሸገ፤ ስለዚህ እርሱ ጠፋ፥ እስራኤልም በጋይ ፊት ተሸነፉ። አንዱ ዕቃ በግምጃ ቤት ሲኾን ቅዱስ፥ በአካን ድንኳን ሲኾን እርም ኾነ። ልዩነቱ በዕቃው አይደለም፤ ለማን እንደ ተሰጠ ነው።

አንድም፤ ይህን ሥራ የሠሩት የኢትዮጵያ አበው ብቻ አይደሉም። በግብጽ በፊላ ደሴት ያለው የኢሲስ ቤት በ6ኛው መቶ ዓመት ተዘግቶ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ቤተ ክርስቲያን ኾነ። በሮም የአማልክት ኹሉ ቤት ይባል የነበረው በ609 ዓመት በእመቤታችንና በሰማዕታት ስም ተቀደሰ። ከክርስትና በፊት የነበሩትን ቤቶች በየአገሩ ያሉ አበው ከማፍረስ ይልቅ መቀደስን የመረጡባቸው ብዙ ጊዜያት አሉ።

ምሥጢር። እንግዲህ ወደ ሐዋርያው ቃል እንመለስ። ቅዱስ ጳውሎስ አንድነት የላቸውም ያለው ስለ ድንጋይ አይደለም፤ በአንድ ቤት በአንድ ጊዜ ኹለት ጌታ አይነግሥም ሲል ነው። ይህንም የሚያስረዳው መልእክቱ የተላከላቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። የቆሮንቶስ ምእመናን ቀድሞ ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ፤ በ1ኛው መልእክት በምዕራፍ 6 የቀድሞ ኃጢአታቸውን ከዘረዘረ በኋላ አሁን ግን ታጥበዋል፥ ተቀድሰዋል ብሎ ይመሰክርላቸዋል። የጣዖት ቤት የነበረ ሰው የእግዚአብሔር ቤት ኾነ ማለት ነው። ሰው እንዲህ ከተለወጠ፥ ሰው የሠራው ግንብ እንዴት አይለወጥ? የሐዋርያው ቃል መለወጥን አይከለክልም፤ መቀላቀልን ይከለክላል እንጂ። በየሐ የኾነውም መለወጥ ነው። አልመቃህ ወጣ፥ ክርስቶስ ገባ። ዋልያው በግንቡ ላይ ቀረ፥ ነገር ግን የሚሰግድለት የለም፤ እንደ ተማረከ ጠላት ጋሻ በድል አድራጊው ቤት ተሰቅሎ ይኖራል።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 24 የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይቀርለት ተናገረ። በ70 ዓመት የሮም ጭፍሮች በጢጦስ አዝማችነት አቃጥለው አፈረሱት፤ ዛሬ ሰው የሚጸልይበት የምዕራቡ ግንብ የግቢው መደገፊያ ነው እንጂ የቤቱ ግድግዳ አይደለም። የእግዚአብሔር ቤት ሲፈርስ የአልመቃህ ቤት መቆሙ እንደ ምን ነው? ጣዖቱ በረታን ቢሉ፥ አይደለም። ነገሩን በቅርብ ቢመረምሩት ፍርዱ ተገልብጦ ይገኛል። አልመቃህ ቤቱ ቆሞለታል፤ ስሙን የሚጠራ፥ ዕጣን የሚያጥንለት ግን በምድር ላይ አንድ ሰው የለውም። ስሙ የታወቀው የተቀበረ ድንጋይ ተቈፍሮ ስለ ተነበበ ብቻ ነው። የኢየሩሳሌም አምላክ ግን ቤቱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይቀርለት ከፀሐይ መውጫ እስከ ፀሐይ መግቢያ ይመሰገናል፤ በዚያው በየሐ ግንብ ጥላ ሥር እንኳ ዘወትር ይመሰገናል። አንዱ ቤት ቀርቶለት አምላኪ አጣ፤ ሌላው ቤቱ ፈርሶ አምላኪ በዛለት። ሕያውና ምውት የሚለዩት በዚህ ነው።

አንድም፤ ስለ ፊደል። በየሐና በዙሪያዋ በተገኙት ድንጋዮች የአልመቃህን ስም የጻፈው የሳባ ፊደል የግእዝ ፊደል አባት ነው። ዛሬ ደብተራ በብራና ላይ የሚጽፈው፥ ሕፃን በአቡጊዳ የሚቈጥረው ፊደል ከዚያ የተወለደ ነው። በዚሁ ፊደል ኋላ ወንጌል ተጻፈ። ከየሐ ብዙ በማይርቀው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች ሊቃውንት ብራናውን መርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ እንደ ተዘጋጁ አረጋግጠዋል፤ በሥዕል ካጌጡት ወንጌሎች በዓለም ላይ እጅግ ከቀደሙት ናቸው። ጣዖትን ያወደሰ ፊደል የእግዚአብሔርን ቃል ተሸከመ። የየሐን ድንጋይ ርኩስ ነው ብሎ የሚጥል ሰው እንግዲህ ፊደሉንም ሊጥል ነውን?

ተግሣጽ። ከዚህ ሐተታ ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛው ለካህናት ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለ ጥንታዊ ድንጋይ፥ የተጻፈም ቢኾን የተቀረጸ፥ ያለ ምርመራ አይነሣ፥ አይሰበር፥ በኖራ አይለሰን። ማንም ያላነበበው ድንጋይ ነገ የሚያነበው ሰው ይመጣል፤ የመቃብር ጋዕዋ መሠዊያ ምስክር ነው። ምንነቱ ባልታወቀ ጊዜ ቢሰበር ኖሮ የየሐ ቤት ባለቤት ማን እንደ ነበረ በንጉሥ ቃል ባልታወቀም ነበር።

ኹለተኛው ለሹማምንትና ለባለ ጠጎች ነው። የጥንት ዕቃ ከቦታው አውጥቶ መሸጥ፥ ለቤት ጌጥ ማድረግም የአካን ሥራ ነው። በቦታው ሲኾን ለሕዝብ ኹሉ ምስክር ይኾናል፤ በአንድ ሰው ጓዳ ሲገባ ግን አፉ ይዘጋል። ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ድንጋይ አባቱ እንዳልታወቀ ልጅ ነው፤ ቢጠይቁት የሚመልሰው የለውም።

ሦስተኛው ለኹሉ ነው። የሐን ለማየት የሚሄድ ሰው በጥበቡ ተደንቆ ብቻ አይመለስ። ያ ግንብ በብልሃት የታነጸ፥ በብዙ ገንዘብና በብዙ ድካም የቆመ ነበር። ሠሪዎቹ ለማይሰማና ለማያይ ጣዖት ይህን ያኽል ከደከሙ፥ ሕያው አምላክን የሚያመልክ ሰው ምን ያኽል ሊደክም ይገባው? እነዚያ ድንጋዩን ያለ ኖራ አጋጥመው 2,700 ዓመት አቆሙ፤ ዛሬ ግን ወንድም ከወንድሙ ጋር አንድ ጥምቀት ተጠምቆ፥ አንድ ሥጋና ደም ተቀብሎ ሳለ አንድ ዓመት ሳይጣላ መኖር ያቅተዋል። ሐዋርያው ምእመናንን ቤተ መቅደስ ብሎ የጠራቸው እንዲህ እንዲጋጠሙ ነው።

ይልቁንም ኹሉ ሰው ወደ ራሱ ይመልከት። የአልመቃህ ቤት ግንቡ ሳይፈርስ ጌታው ተለወጠ። እንዲሁም የሰው ሰውነት ከውጭ ሲያዩት ያው ነው፤ ወዛደሩም ያው፥ መኰንኑም ያው፥ ካህኑም ያው ነው። የሚጠየቀው በውስጡ ማን ይነግሣል የሚለው ነው። በልቡ ትዕቢትን፥ ፍቅረ ንዋይን፥ ቂምን አቁሞ በአፉ የሚቀድስ ሰው በእግዚአብሔር ቤት ምስል ያቆመውን ምናሴን ይመስላል። ልቡን ያጠበ ሰው ግን፥ ቀድሞ የማን ቤት ቢኾን፥ የየሐን ቤት ይመስላል። ምናሴም ቢኾን በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ በምዕራፍ 33 እንደ ተጻፈ በምርኮ ሳለ ተዋርዶ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፤ ተሰማለትም፥ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሶ ያቆመውን ጣዖት በእጁ አወጣው። የንስሐ ደጃፍ ለርሱ ካልተዘጋ ለማንም አልተዘጋም።

ለጣዖት የተሠራውን ቤት ለስሙ ማደሪያ ያደረገ አምላክ የኹላችንን ልብ ማደሪያው ያድርግ። የአባታችን የአባ አፍጼ በረከት ከኹላችን ጋር ይኹን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።